አስካለ ማንን መረጠች?

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ሰበር ዜና! ከትናንት ጀምሮ የገባበት ጠፍቶ የነበረው ከዘራዬ ዛሬ ጠዋት ከሶፋ ሥር በሰላም ተገኝቷል። ሕዝቡ እንዲረጋጋ በአክብሮት አሳስባለሁ።

እሱኑ ይዤ ከጓደኛዬ ከዘለቀ ጋር ለመራጭነት ልንመዘገብ መሪ ሰፈር ወዳለው የምርጫ ጣቢያ ሄድን። ሰልፉ ላይ አንዲት አዲስ ጎረቤታችን፣ "አባባ፣ በፊት ይሄን የምርጫ ክልል ማን ነበር የሚወክለው?" አለችኝ። ለወሬ ማን ብሎኝ! አንዱን ተመራጭ ፓርላማ ውስጥ ሲያንቀላፋ በቴሌቪዥን ብቻ እንዳየነው፣ ሌላው አስፋልት አስገባለሁ ብሎ በዚያው እንደቀረ ተረኩላት። ቀጥዬ ዘለቀን በከዘራዬ ጠቆምኩ።

"ይሄ ደግሞ በግሉ ተወዳድሮ የወደቀው ነው። ምልክቱ መሰላል ነበር፤ አንድ ደረጃ እንኳ ሳይወጣበት ቀረ! ሚስቱ አስካለ ራሷ 'እኔም አልመረጥኩትም' ብላኛለች።"

ሰልፈኛው አውካካ። ዘለቀም አብሮ ሳቀ። አስካለ ካረፈች ዓመት እንኳን አልሞላትም።

ስንመለስ ቤቴ በር ላይ ቆመና፣ "አንተ፣ እውነት እንደዚያ አለችህ?" አለኝ። "ያኔ እኮ ልትቀሰቅስልኝ የሰፈራችንን ዳገት ሁሉ በእግሯ ወጥታለች።"

"ቀልዴን ነው" ማለት አቃተኝ። ሳቅ ብዬ ገባሁ። ምን ዓይነት ሽማግሌ ነኝ? ምሳም አልበላልህ አለኝ። ደውዬ ልንገረው ብልም እፍረቱ ስልኩን አላስነሳኝም።

መሰላሉ እውነት ነው። መሸነፉም እውነት ነው። አስካለ ግን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።