ስለ እጅህና ስለ ማሽኑ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ትከሻህ እንዴት ነው፣ አሁንም ያስቃይሃል ወይስ ትንሽ ታገሠልህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ሚስትህ ደህና ናት? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋኑም ለቆኛል። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ወርክሾፑን ከነመጋዙ ከነመላጊያው ሸጠህ ያንን የእጅ ማሽን ልትገዛ መሆኑን ነግረኸኛል። ገዢም ተገኝቷል ብለሃል። ሻጮቹ ያሳዩህን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ፤ ጣቱ የታጠፈ ሰው ክንድ ላይ ማሽኑን ያስራሉ፣ ኤሌክትሪኩ ነዘር ያደርገዋል፣ ሰውየው ብርጭቆ ያነሳል፣ ሙዚቃ ይለቀቃል። እኛ ክሊኒክ ሲጠና የቆየው እሱው ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ ታገሠኝ እያልኩ የለመንኩህም ለዚሁ ነበር። ባለፈው ሳምንት ታወቀ።

መጀመሪያ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ልንገርህ፤ አለዚያ ተምራ ልቧ ደነደነ ትለኛለህ። እንዳንተ ስትሮክ መትቷቸው እጃቸው አልታዘዝ ያላቸው ሰዎች ተሰበሰቡና በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ ማሽኑን አስሮ የእጅ ልምምድ ይሠራል፤ ገሚሱ ያንኑ ልምምድ፣ ያንኑ ያህል ሰዓት፣ ያለ ማሽን ይሠራል። በዕጣ የሆነው እኛ ባለሙያዎቹ ተስፋ ያለውን ሰው መርጠን ለማሽኑ እንዳንሰጥ ነው። እናደርገዋለን፣ ሰው ነን። የእኔ ሥራ መለካት ነበር። ማን በየትኛው ወገን እንዳለ አላውቅም፤ እነሱም እንዳይነግሩኝ ተመክረዋል፣ ካወቅሁ ዓይኔ ያዳላል። አንዲት ጠረጴዛ ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ ኩባያ አንሱ፣ ሳንቲም ልቀሙ፣ ቁልፍ ቆልፉ እላለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ።

አንድ ቀልደኛ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሲመጡ ጣታቸው መርፌ ቀርቶ ማንኪያ አይዝም። አንድ ቀን የሸሚዛቸውን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች እፊቴ ቆለፉና ደስታው አላስችል አላቸው፤ "ማሽኑ ነው ልጄ፣ ማሽኑ ነው ያዳነኝ" ብለው ቁጭ። ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው። ለአለቃዬ ተናገርኩ፣ ሰውየውንም ሌላ ባልደረባዬ ተረከበቻቸው። እኔ ግን ያን ቀን መሬት ሳልረግጥ ነው ቤቴ የገባሁት። የማስበው ያንተን እጅ ነበር።

ውጤቱ ይኸውልህ፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው። ያለ ማሽን የሠሩትም ያንኑ ያህል ቆልፈዋል፣ ያንኑ ያህል ለቅመዋል። ልብስ ሰፊውን የጠቀማቸው ልምምዱ ይሁን ጊዜው፣ ጥናቱ አይለይልንም፤ በሽታው ከመታቸው ገና ወራቸው ነበር፣ ጣታቸውም ከመጀመሪያው ትንሽ ትንሽ ይነቃነቅ ነበር። ማሽኑ ነው የሚያሰኝ ነገር ግን አልተገኘም። እንዳንተ ዓመታት ያለፋቸው፣ ጣታቸው ጨርሶ ዝም ያለባቸውም ነበሩ። ከነሱ በማሽንም ሆነ ያለ ማሽን እጁ የተከፈተለት የለም። ጥቂት ናቸው፣ ከጥቂት ሰው ብዙ አይነገርም ብዬ ራሴን አጽናናሁና ሌሎች ቦታዎች የተሠሩትን ጥናቶች አገላበጥኩ። አለቃዬ ምን እንደምፈልግ ቢጠይቀኝ ለወንድሜ የምነግረው ነገር አልኩት። አብሮኝ ተቀምጦ ፈለገ። አላገኘንም።

ሚስትህ ደውላልኝ ነበር፤ እንዳትቆጣት። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳህ የዚህ ማሽን ነገር ብቻ ነው አለችኝ። ይሠራል በይው፣ ስለ እግዜር ብለሽ ዋሺልኝ ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። መዋሸት አቅቶኝ አይደለም፣ አንተው ታውቀኛለህ። ግን ብዋሽህ ወርክሾፑ ይሸጣል፣ ማሽኑ ይመጣል፣ አንተም በየቀኑ ክንድህን እያሰርክ ጣትህን ስታይ ትውላለህ። አልነቃነቅ ሲልህ ጥፋቱን ወደ ራስህ ትወስደዋለህ፤ በደንብ አልሠራሁም ትላለህ። አውቅሃለሁ። እሱን ማየት አልችልም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቀኝ እጅህ መጋዝ ወደ መያዝ አይመለስም። ይህችን ጽፌ ተነሣሁና ፊቴን ታጥቤ መጣሁ።

ወርክሾፑን አትሽጠው። ትልቋ ልጅህ መላጊያውን እየለመደች ነው አይደል? አጠገቧ ቁጭ በልና እንደ ልማድህ ተነጫነጭባት። ክንድህን ተንጠልጥሎ አትተወው፣ ስትቀመጥ ትራስ ላይ አሳርፈው፣ ለትከሻህ ነው። ግራ እጅህንም ሥራ አስለምደው። የምሰጥህ ይህችን ብቻ ነው፤ ማነሷን አጥቼው አይደለም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ሚስትህን አልዋሸሁልሽም፣ አትቀየሚኝ ብላለች በላት። ትልቋን በርቺ በልልኝ፤ ያንን ቀበጥ ልጅህንም ጆሮውን ቆንጥጠህ ሳምልኝ።

እስካሁን ደብዳቤህን የምትጽፍልህ ሚስትህ ናት። የዚህን መልስ ግን ራስህ ጻፈው፣ በግራህ። ቢወላገድም አነበዋለሁ። ስድብ ብቻ ቢሆንም አነበዋለሁ።

ታናሽ እህትህ
ከክሊኒኩ የመለኪያ ክፍል
ኅዳር 14 ቀን