የባለቤቴን ቦርሳ ጤነኛ ነው ላላችሁ

ማክሰኞ፣ የካቲት 12። ከጠዋት ጀምሮ የተሸጠ፦ ሁለት መጋረጃ፣ አንድ ብርድ ልብስ። ገበያው ስለቀዘቀዘ ይህን ጻፍኩ።

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የርቀት ክትትል ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ከሁሉ በላይ እግሮቻችሁ፣ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለቤቴን ሚዛን የሚያስት ሕመም ሲይዛት፣ ክፍልዎ አረማመዷን የሚለካ ስልክ ስለሰጠን በየወሩ ከመመላለስ ድነን ነበር። ለዚህ ውለታ እያመሰገንኩ ጥቂት ቅሬታ ብጨምር በድፍረት አይቁጠሩብኝ።

፩. ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ ተባለ። የባለቤቴ ቀሚሶች ኪስ የላቸውም ብንል፣ ቦርሳም ይሆናል ተባልን። ለአስተዋይነታችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

፪. የታመመች ሴት ቦርሳ ይዛ ስትሄድ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው እኛ ሰፈር የለም። እህቷ “ኧረ እኔ ቆሜ አንቺ ቦርሳ ልትይዢ!” ብላ ትነጥቃታለች። ጎረቤት ይቀበላል፤ የጋራዡ መካኒክ እንኳ “ይስጡኝ እማማ” ይላል። እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ከኋላ ስትጎተት፣ ስልኩ በጤነኛ ትከሻ ላይ ሆኖ ከፊት ይገሰግሳል።

፫. “አረማመድዎ በእጅጉ ተሻሽሏል” የሚል መልእክት በስልኩ ልካችሁ የሐኪም ቀጠሮዋን ሰረዛችሁ። እየተንገዳገደች መሆኑን፣ ቦርሳዋንም ሌሎች እንደሚይዙላት መስኮታችሁ ላይ ቆሜ አስረዳሁ። ሠራተኛዋ በትሕትና “አባባ፣ ሲስተሙ እንደዛ አይልም” አለችኝ።

፬. ይህኛው ቅሬታ መሆኑን እንጃ። ባለቤቴ አመነቻችሁ። መልእክቱን አሳይታኝ “አየህ፣ የምትፈራው አንተ ነህ” አለችኝና፣ ምርኩዟን በሩ ሥር ትታ ብቻዋን ደረጃውን ልትወርድ ሄደች። ዳሌዋ ተሰበረ። ከእንግዲህ አትራመድም ተብለናል።

አሁን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ተሽሎኝ ከነበረ ለምን ወደቅሁ?” የቦርሳውን ነገር ደጋግሜ ብነግራትም ሐኪም ቤት ይሳሳታል ብላ አታምንም፤ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ከቻላችሁ እናንተው መልሱላት። ሌላ የምለምናችሁ የለም።

እርምጃዎን የጸና፣ ቀጠሮዎን የማይሰረዝ ያድርግልዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
የታካሚዋ ባል፣ መጋረጃ ነጋዴው።

ማሳሰቢያ፦ ስልኩ ትናንት “ዛሬ አልተራመዱም፤ ይበርቱ” ብሎ ጽፎላታል። በመጨረሻ ልክ መናገር ስለጀመረ እንኳን ደስ አላችሁ።

ነገ፣ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት፦ አናጢው ጋ። እሷን ወደ ተሽከርካሪ ወንበሯ ለማዛወር እንዲቀል የአልጋዋን እግር እንዲያሳጥርልን።