ወደ ግድግዳ የዞረው ሰሌዳ

ሐሙስ

ትናንት በቅርጫት ኳስ አሸንፈን ለእሁዱ ፍጻሜ አለፍን፤ እኔ ግን ያደርኩት አባዬ ሽመና የሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የሸማኔ ቤት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ እግር የሚገባበት ጉድጓድ ሰውም ይደብቃል። እማዬ ከላይ ጋቢ ጣለችበት። የጎረቤታችንን ሁለት ልጆች ሰሞኑን በአፈሳ ለውትድርና ወስደዋቸዋል። የት እንደደረሱ እናታቸው አታውቅም።

ስለ ጨዋታው ልጻፍ። ከእረፍት በፊት በሃያ ነጥብ እንመራ ነበር። በሰፈራችን ልማድ፣ ሰፋ አድርገን ስንመራ እናቱ ልታየው የመጣች ተቀያሪ ሁሉ ይገባል። እልልታው ቀለጠ። የገቡት ኳሱን ትተው እናቶቻቸውን ያያሉ፣ የወጡት ብርቱካን ይልጣሉ። ተጋጣሚዎቻችን የዊንጌት ሰፈር ልጆች ዝም ብለው ያገባሉ። በአንድ ነጥብ ተረፍን። በአንድ!

የቀበሌው ሊቀመንበር ያለውን ማን ይረሳል? እሁድ ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ቀበሌዎቹን ሁሉ ያቀፈውን ከፍተኛችንን ወክሎ ስለሚወዳደር ተጫዋቾቹ አይታፈሱም። የተሸነፈው ደግሞ... በቃ፣ አልጽፈውም።

ዓርብ

ልምምድ። አሰልጣኛችን ጋሽ ታደሰ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል፤ ዛሬ ጭራሽ አይሰማም። ነጥብ የሚጻፍበትን ጥቁር ሰሌዳ ወደ ግድግዳ አዞረው። «ከዛሬ ጀምሮ እየመራችሁ ይሁን እየተመራችሁ አታውቁም። ፊሽካ እስኪነፋ ትሮጣላችሁ።» አምበላችን ግርማ «ስንት ለስንት ነን፣ ጋሼ?» ባለ ቁጥር ሁላችንም ሜዳውን እንዞራለን። ሦስቴ ጠየቀ፣ ደደብ። እግሬ የኔ አይመስለኝም።

የእናቶቹም ልማድ ቀርቷል።

ቅዳሜ

ሸጎሌ መንገድ ላይ መኪና ልጆች ሲጭን ያየ ሰው አለ። አባዬ ሲሸምን ዋለ።

እማዬ ነገ ልትመጣ ነው። በሕይወቷ ጨዋታ አይታ አታውቅም። «ስትጫወት ልይህ፤ ምናልባት...» ብላ አቋረጠች። እኔ ተቀያሪ ነኝ። ልማዱ እንደቀረ ልነግራት አንጀቴ አልችል አለ።

እሁድ

አሸነፍን።

ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኜ ነጥብ እቆጥር ነበር፤ በአሥራ ስምንት ስንመራ ደጋፊው «ዳዊት ይግባ! እናቱ መጥታለች!» ማለት ጀመረ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ጋሽ ታደሰ እሷን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ሆዱ እንደባባ ገባኝ፤ ሰው ነዋ። መግባት እንዴት እንዳማረኝ! ግን የረቡዕ ጨዋታ ትዝ አለኝ። ፎጣውን ራሴ ላይ ጣልኩና «ይቅር፣ ጋሼ» አልኩት።

ከዚያ ተጋጣሚዎቻችን ተነሱ። አሥራ ስምንቱ አሥር ሆነ፣ ከዚያ ስድስት። ጋሽ ታደሰ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ፦ «ፊሽካው አልተነፋም! ሩጡ!» ልጆቻችን አልቆሙም። ጨዋታው አልቆ እንኳ ግርማ ይሮጥ ነበር፤ ይዘን ነው ያስቆምነው።

ሊቀመንበሩ እጃችንን ጨበጠ። «ቃል ቃል ነው» አለ።

ቤት ስንገባ ሳታየኝ በመቅረቷ እማዬን ይቅርታ ጠየቅኋት። «አየሁህ እንጂ፣ ፎጣ ተከናንበህ» ብላ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ጋቢውን አነሳችና ጉድጓዱን መጥረግ ጀመረች።

«እማዬ፣ አሸነፍን እኮ! አይወስዱንም ተብሏል!»

ቀና ብላ አየችኝ። «ያ አሰልጣኝህ ሲጮህ የነበረው ምን ነበር?»

«ፊሽካው አልተነፋም» አልኳት። ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው።