ፀሐይን ከችግኝ ቤት ስላስወጣው መስታወት

ይድረስ ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ቢሮዎም ሁልጊዜ የሞቀ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ አናጺ ነኝ። ባለቤቴን ስትሮክ መትቷት ግራ እጇ አልታዘዝ ሲላት፣ ሐኪሟ ጣቶቿን የሚያፍታታ ሥራ እንድትይዝ ስለመከራት፣ በጓሯችን በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ የችግኝ ቤት ሠራሁላት። የገባው ሙቀት ተመልሶ እንዳይወጣም በመካከሉ አየር የያዘ ጥርት ያለ ድርብ መስታወት ገጠምኩለት። የቲማቲም ችግኝ ስታፈላ ጣቶቿ መፍታታት ጀመሩ፤ ይህ መመሪያ የሚጥስ መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. «ኃይል ቆጣቢ መስታወት ያልገጠመ ግንባታ ይፈርሳል» ብለው፣ ጠቆር ያለ አንጸባራቂ መስታወት እንድገጥም ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ይህ ዓይነቱ ሙቀትን ወደ መጣበት የሚመልስ፣ ፀሐይ ለሚያቃጥላቸው ቢሮዎች የተሠራ መሆኑን ሻጩ ሊያስረዳኝ ቢሞክርም፣ ሻጭ ከኃላፊ አይበልጥም ብዬ ገጠምኩት።

2ኛ. የላኳቸው ተቆጣጣሪ ወደ ውስጥ ሳይገቡ፣ በመስታወቱ ከረባታቸውን አስተካክለው ስለፈረሙልኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. በሦስተኛው ሳምንት ችግኞቹ በሙሉ በብርድ ጠውልገው ሞቱ፤ ባለቤቴም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጓሮ መውጣት ተወች። ይህንን ልነግርዎ ሦስት ቀን ደጅ ጠንቼ፣ በአራተኛው ቀን የቢሮዎ ደረጃ ላይ ባገኝዎ፣ ሳይቆሙ «አባባ፣ መስታወት ያው መስታወት ነው» አሉኝ። ቃልዎን እንዳለ ለባለቤቴ ብነግራት ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች፤ ለዚህስ የምሬን ነው የማመሰግንዎ።

በማግስቱ የእርስዎን መስታወት አወረድኩና የቀድሞውን መለስኩ። እሷም በከዘራዋ ተደግፋ ወጥታ፣ በዚያችው በደካማ እጇ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አቀበለችኝ። አዲሶቹ ችግኞች አራት አራት ቅጠል አውጥተዋል። ጠቋሚ ፍለጋ እንዳይደክሙ ጥፋቴን ራሴ ማስታወቄ ነው። ለማፍረስ ከመጡ ሁለታችንንም እዚያው ውስጥ ያገኙናል።

ለጽሕፈት ቤትዎ ሥልጣን ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮትና ለዕውቀቱ ያለኝን ጥልቅ ሐዘኔታ እየገለጽኩ፣

መመሪያ አፍራሹ ጡረተኛ አናጺ

ማስታወሻ፦ ተቆጣጣሪዎ በቅጹ ላይ «በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት» የሚለውን ሲሞሉ ነዋሪዎቹ ቲማቲሞች መሆናቸውን ብነግራቸውም፣ ባዶ መተው ክልክል ነው ብለው «ሦስት መቶ» ጽፈዋል። እንግዲህ በራስዎ መዝገብ መሠረት በትእዛዝዎ ሦስት መቶ ሰው በብርድ አልቋልና፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለቅሶ የሚቀመጥበትን ቀን ቢያሳውቁኝ በትሕትና እደርሳለሁ።