ልጅ ናት ወይስ አይሱዙ?

ከሚሴ

ለልጄ ልጅ፣ ለሆዴ

አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጅርታ እናቴ? ፈያ ነሽ? በጅምላ «ደህና ነኝ» እንዳትይኝ አንድ በአንድ ነው የምጠይቅሽ። ራስ ምታቱ ተወሽ? ወገብሽስ? ያ በረኪና የበላው እጅሽ ቆዳ አወጣ? እኛ አልሀምዱሊላህ። ጨፋ ሜዳ ላይ ዘንድሮ ማሽላው ሰው ይሰውራል፣ ከብቱም ጠግቦ ይቀብጣል።

ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፣ መሠረተ ትምህርት ላይ የለቃቀምኳት ናት። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አሰኘሽ ትይኝ ይሆናል። ስልኩማ መቼ የኔ ሆነ! አጎትሽ ካሚል ድምፁን ለቆ መሀል ቤት ያስቀምጠዋል፣ ቤተሰቡ እንደ ዝንብ ይወረዋል። ያን ለታ «ማዳም ውል አድሺ እያለችኝ ነው፣ ሌላ ሁለት ዓመት፤ ምን ላርግ?» ስትይ ሁሉም ባንድ አፍ «አድሺ!» አለ። እኔ ከመደቤ ሆኜ «ተይ!» ብልስ ማን ሰምቶኝ። አንቺም «እሺ» ብለሽ ዘጋሽው። ለዛ ነው እዛው አንቺ ጋ የምትሠራው ዙቤይዳ ወደ ጅዳ ስትመለስ ይችን ደብዳቤ በብብቷ ሸጉጣ እንድታደርስልኝ የለመንኳት።

ስሚኝ እንግዲህ። ሐሙስ ለታ ቤታችን ወዳጃ ነበር። ላንቺ ዱዓ ሊደረግ ሰው ተሰበሰበ፣ ጫቱ ታደለ፣ ሼህ ሙሳ እጃቸውን ዘረጉ። ካሚል ቀደመና «አላህ ጉልበቷን ያበርታው፣ የጀመረችውን ቆርቆሮ ቤት ትጨርስልን» አለ። አሚን! አክስትሽ ረቢአ ተከተለች፣ «ለልጄ ለጀሚል ባጃጅ ታውጣለት»። አሚን! ጎረቤታችን አሻ እንኳ፣ በስጋ የማትዛመድሽ፣ «ያረቢ፣ ፍሪጅ ስትልክ እኔንም አስታውሳት» አትልም መሰለሽ! አሚን!

ደሜ ፈላ። «ቆይ፣ አሚን አትበሉ!» አልኳቸው። «ይቺ ልጅ ናት ወይስ አይሱዙ? አንዱ ይጭናል፣ አንዱ ይቆልላል፣ አንዱ ከላይ ይደርባል፤ ጎረቤት ደግሞ መጥቶ በጎን ያንጠለጥላል! የጎረቤታችን የጀይሉ አህያ እንኳ ሲበዛባት ሮቢት ገበያ መሀል ተኝታ ጌታዋን አሰድባለች። የኔ ልጅ መተኛት አታውቅ፣ እሺ ማለት ብቻ! እስቲ ከናንተ ውስጥ በሰላም ትምጣልን ያለ አለ?»

ካሚል «እማ፣ ዱዓ እኮ ነው» አለኝ። «አላህን የናንተ ጫኝ አውራጅ አታርገው!» አልኩት፤ አስተግፊሩላህ፣ አፌ መቼ ያርፋል። ሼህ ሙሳ ጺማቸውን ይዘው ሳቁ፣ ወዲያው ግን ዓይናቸው ውሃ ሞላ። የሳቸውም ልጅ ቤሩት ናት። «ዱዓው እንደገና ነው» ብለው እጃቸውን ዘረጉና «በሰላም ትመለስ» ብቻ አሉ። አሚኑ ቤቱን ነቀነቀው። ካሚል ብቻ ጫቱ አፉን ሞልቶት ነው መሰለኝ፣ አልሰማሁትም።

እና ልጄ፣ ለኛ ብለሽ ውሉን እንዳታድሺ። ቆርቆሮው ይቅር፣ በሳር ክዳን ተወልደን አድገናል። ጀሚልም እግር አለው። አንቺ ራስሽ መቆየት ካማረሽ እሱ ያንቺ ነው። ናፍቄሻለሁ ብዬ አልጽፍም፣ እሱም ሌላ ጭነት ነው። ብቻ ባጃጅ ደጃፋችን በቆመ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ሌላ ሰው ይወርዳል።

ስለኔ የሚወራልሽን አትስሚ። የጀሚል እህት ዓፊያ ገላዬን ታጥበኛለች፣ በጇ ታጎርሰኛለች፤ በርጅናዬ ሙሽራ አርጋኛለች። መኝታዬንም ወደ በሩ አስጠግተውልኛል፣ መንገዱን ሳይ እውላለሁ።

አላህ ጀርባሽን ያሳርፈው። ክፉ ዓይን አይይሽ፣ እግርሽን ወዳገርሽ ያቅናው፣ አሚን በይ።

የመጣሽ ለታ ዘላ አላቀፈችኝም ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ጎንበስ ብቻ በይልኝ፤ እኔ እስምሻለሁ።

አያትሽ፣ አኮሽ