መኪናችንን በመርከብ የላክሁበት ሰሞን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ጅግጅጋ

አልሆነም። ሊብሬው በሰለሞን ስም ስለሆነ መኪናዋን እኔ ልልካት አልችልም።

ሆዳን ይህን የነገረችኝ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አገላብጣ ከጨረሰች በኋላ ነው። ትራንዚተር ናት፤ መኪናዋን በቶጎ ውጫሌ አሻግራ በርበራ ወደብ ኮንቴይነር ውስጥ የምታስገባልኝ እሷ ናት። ከዚያ በመርከብ ወደ ሙምባይ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። «ኢዶ» ትለኛለች፣ አክስቴ እንደ ማለት።

«ኢዶ፣ የመኪናው ባለቤት የት ናቸው?»

«ባለቤቴ ነው። አዲስ አበባ ነው ያለው።»

«ወይ ይምጡ፣ ወይ ውክልና ይላኩ። ያለዚያ ወደቡ አይቀበልም።»

በየድንበሩ ያለ ቀረጥ ያሳለፈን ካርኔ የሚሉት ደብተርም በእሱ ስም ነው። ስንነሳ ማን ይህን ያስባል። ባልና ሚስት፣ አንድ አሮጌ ሎንግ ቤዝ፣ ዓለምን መዞር። እስከ ኬፕታውን ወርደን ተመልሰናል። ቀጥሎ እስያ ነበር። አሁን እሱ አዲስ አበባ ቀርቷል፣ እኔ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ እንግዳ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ኮንቴይነሩ የሚዘጋው የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። ካመለጠኝ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ሆዳንም አታውቅም። የህንድ ቪዛዬ ግን አይጠብቀኝም።

ከሰለሞን ጋር ከተነጋገርን ሦስት ሳምንት ሆነን። ነገ እደውላለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አልደወልኩም።

በመደወል ፋንታ የጋብቻ ወረቀታችንን ይዤ ሆዳን ቢሮ ሄድኩ። በርበራ ደውላ በሶማልኛ ረጅም ተከራከረችልኝ። እየሰማሁ ስለነበር ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት መልሱን አውቄዋለሁ። ሚስትነት ለወደቡ ምንም አይደለም።

ያደርኩት እትዬ ዘውዴ ቤት ነው። የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። መኪናዋን ግቢያቸው አቆምኩ፤ ልጆቻቸው ያደጉባትን ክፍል ሰጡኝ። ልጆቹ ረብሻው ከተነሳበት ከዚያ ክፉ ሰሞን በኋላ አዳማ ገብተዋል። እሳቸው አልሄዱም። ለምን ብላቸው «ሁላችንም ከሄድን እዚህ የተቀበረውን ማን ይጠይቀዋል?» አሉኝ። የእናቴንም መቃብር የሚያጸዱት እሳቸው መሆናቸውን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

«ባለቤትሽስ?» ሲሉኝ «ሥራ ይዞት ነው» አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ከሰዓት ጣሪያው ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ ብረት ለመፍታት ታገልኩ። መኪናዋ እሱን እንደያዘች ከኮንቴይነሩ በር አራት ጣት ያህል ትበልጣለች። ስምንት ብሎን። አምስቱ ተፈቱ። ሦስቱ ዝገዋል፣ ናፍጣ አፍስሼባቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ፍሬን ልሞክር ብዬ በቱሊ ጉሌድ መንገድ ወጣሁ። ሰበብ ነው፤ ስልኬን ሽሽት ነው። ከከተማ ስርቅ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሜዳ፣ ንፋስ፣ ራቅ ብሎ ግመሎች። ስምንት ወር ስንጓዝ እንዲህ ያለ ቦታ ስናገኝ ሰለሞን ወርዶ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ እያደረገ ይዞራል። እኔ አልወረድኩም።

እንግዲህ ልጻፈው። ዛምቢያ ላይ፣ መታጠፊያ ላይ አንድ የጭነት መኪና በእኛ መስመር መጣብን። ይነዳ የነበረው ሰለሞን ነው። ገደል አፍ ላይ ነው የቆምነው። ማናችንም አልተጎዳንም፣ መኪናዋም ከመጫር በቀር ምንም አልሆነችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እሱ መሪ አልነካም። እስከ ሞያሌ እኔ ነዳሁ። እሱ ከጎኔ እጀታውን ጨብጦ ተቀምጦ፣ ከፊት ከባድ መኪና በመጣ ቁጥር ትንፋሹ ሲቆም ይሰማኛል። ደከመኝ። የእሱ ፍርሃት ነው ያደከመኝ።

ሐዋሳ ወንድሙ ቤት ስንደርስ «ለእኔ እዚህ ላይ ይብቃኝ» አለ። እኔም ወንድሙ፣ የወንድሙ ሚስት፣ ልጆቹ ባሉበት «ፈሪ ነህ፤ ድሮም ፈሪ ነህ» አልኩት። ሳህኑን አንስቶ ወደ ጓዳ ወሰደው። አዲስ አበባ ቤታችን አድርሼው ብቻዬን ወደዚህ መጣሁ።

ለዚህ ሰው ነው ደውዬ ፈርምልኝ የምለው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

የጁምዓ ቀን ስለሆነ ቢሮው ሁሉ በጊዜ ተዘጋ። ጠዋት ሦስቱን ብሎኖች አስለቀቅኳቸው። አንዱ እጄን ላጠኝ። ብረቱን ብቻዬን ከጣሪያ ሳወርድ እትዬ ዘውዴ መስኮት ላይ ቆመው «ወይኔ ልጄን» ሲሉ ሰማኋቸው። ትንሽ ጉልበት የተሰማኝ ያኔ ነው። እጄን ሳልታጠብ ደወልኩ።

ወዲያው አነሳው።

«ሂሩት።»

«ሊብሬው በስምህ ነው» አልኩ። ሦስት ሳምንት ያጠራቀምኩት ቃል ይኸው ሆነ።

«ውክልና ነው የሚፈልጉት?»

«አዎ።»

«ፍሬኑን አየሽው?» አለኝ።

«ትናንት ሞከርኩት።»

«ወደ ግራ ትስባለች?»

«ትንሽ።»

«የፊቱን ጎማ አየር እዪው። ሰኞ ሄጄ እፈርማለሁ። የእንግሊዝኛ ትርጉሙንም አሠርቼ በአውሮፕላን እልከዋለሁ።»

ሊዘጋው ሲል «ሐዋሳ ያልኩህ ነገር...» አልኩ።

«ልክ ነሽ።»

«አይደለሁም።»

«ልክ ነሽ፣ ሂሩት። ፈርቼ ነው። አሁንም ታክሲ ውስጥ ስገባ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ትናንት ከመገናኛ ቤት ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ይህን አላውቅም ነበር። ከዛምቢያ እስከ ሞያሌ ከጎኔ ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳን ምን ይሰማሃል ብዬ አልጠየቅሁትም። ስለ መንገዱ ጠይቄዋለሁ፣ ስለ ናፍጣው፣ ስለ ካርታው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ከእትዬ ዘውዴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስንመለስ በድሮው ቤታችን በር አለፍን። አሁን የስልክ መሸጫ ነው። ገብቼ የባትሪ መሙያ ገመድ ጠየቅሁ። አያስፈልገኝም፤ ውስጡን ላይ ብዬ ነው። የእናቴ መኝታ ክፍል የነበረው ተከፍቶ ከሱቁ ጋር ተቀላቅሏል። የሚያውቀኝ ስለሌለ ገመዱን ገዝቼ ወጣሁ።

ምሳ ላይ ለእትዬ ዘውዴ እውነቱን ነገርኳቸው። ባሌ ሥራ እንዳልያዘው፣ ምን ብዬ እንደሰደብኩት። «መጀመሪያ የደወልሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «አዎ።» «ጥሩ።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ከመኪናዋ የማወጣው፤ የጋዝ ሲሊንደሩ (መርከብ ላይ ክልክል ነው፣ ለእትዬ ዘውዴ)። የጣሪያው ብረት (እዚሁ ይቀራል)። ትርፉ ናፍጣ። ምግብ በሙሉ።

የሚቀረው፤ ፍራሹ፣ መሣሪያዎቹ፣ ምድጃው፣ ሁለት የሚታጠፉ ወንበሮች። አንደኛውን ወንበር ላውጣው ብዬ ይዤው ብዙ ቆየሁ። መልሼ ጫንኩት።

ከሥር ያለውን ጭቃ ሳጥብ ዋልኩ። ቀይ፣ ጥቁር፣ አመድማ። የቱ የየት አገር እንደሆነ ሰለሞን ቢኖር ይነግረኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። «ፈርሜያለሁ። በነገው አውሮፕላን ይደርስሻል።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ወረቀቱ መጣ። ሆዳን ራሷ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብላ አመጣችልኝ። ቢሮዋ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «...መኪናውን እንድትነዳ፣ ከአገር እንድታስወጣ፣ እንድታስገባ፣ እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ፣ ስመ ሀብቱን በራሷ ስም እንድታዞር...»

«ሙሉ ውክልና ነው፣ ኢዶ። ከዚህ በላይ የለም» አለች ሆዳን ደስ ብሏት።

እኔ እንድልካት ብቻ ነበር የጠየቅሁት። እሱ እንድሸጣትም፣ የግሌ እንዳደርጋትም ፈርሞልኛል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ የተለመደ ቃል ነው አልኩ ለራሴ። ግን ፊርማው የእሱ ነው፣ ያ የሚያዘነብለው ፊርማው። እንባዬ መጣ። ሆዳን በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችልኝ።

«መኪናዋን ሊለቁልዎት ነው ወይስ እርስዎን ሊተዉዎት?» አለችኝ ቆይታ።

«አላውቅም።»

«ይጠይቋቸዋላ።»

አልጠየቅሁትም። «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ብቻ ጻፍኩለት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20፣ ቶጎ ውጫሌ

ተሻገርኩ። በእኛ በኩል ያለው ፖሊስ ቅጹን እየሞላ «ስንት ናችሁ?» አለኝ። «አንድ» አልኩ። አንገቱን አስግጎ ከኋላ ያለውን ፍራሽ አየና ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ «አንድ» አልኩ።

ከድንበሩ ወዲያ የብዙው መኪና መሪ በቀኝ ነው። ሾፌሮቹ ቀድመውኝ ሲያልፉ መስኮት ለመስኮት እንገናኛለን። ቀድማ ተሻግራ የጠበቀችኝ ሆዳን ከጎኔ ተቀምጣለች፣ ሰለሞን ይቀመጥበት በነበረው። አንድ የጭነት መኪና መጣ፣ አለፈ። የእሷ ትንፋሽ አልቆመም። የቆመው የእኔ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21፣ በርበራ

ሙቀቱ አይጻፍም።

ኮንቴይነሩ ውስጥ ራሴ ነዳኋት። በሁለቱም በኩል አንድ ክንድ እንኳን ቦታ የለም። ሞተር ካጠፋሁ በኋላ በሩ አልከፈት አለኝ፤ በመስኮት ወጥቼ በግድግዳውና በመኪናዋ መካከል ተጣብቄ ወደ ኋላ መጣሁ። ጉልበቴ ተላጠ። የወደቡ ሠራተኞች አጨበጨቡልኝ። ጎማዎቹን በእንጨትና በገመድ አሰሩ፣ ባትሪውን ነቀሉ፣ በሩን ዘጉ፣ አሸጉ።

ስምንት ወር የተኛሁባት ቤቴ ናት። በእጄ የቀረው አንድ ሻንጣ ነው። ሆዳን ወረቀት ልታስፈርም ስትሄድ ባሕሩን እያየሁ ቆምኩ፤ ለማን መንገር እንደምፈልግ ገባኝ። የታሸገውን ኮንቴይነር ፎቶ አንስቼ ለሰለሞን ላክሁለት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23፣ ጅግጅጋ

ትናንት በሚኒባስ ተመለስኩ። መኪናዋ ሙምባይ እስክትደርስ ሦስት ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ነው። የት እንደምቆይ አላሰብኩም ነበር።

ጠዋት ሰለሞን ደወለ። «በመስኮት ነው የወጣሽው?» አለኝ። ሆዳን ከውክልናው ላይ ቁጥሩን አይታ መኪናዋ መጫኗን ልትነግረው ደውላለት ኖሯል። ሳቅሁ። እሱም ትንሽ ሳቀ።

ከዚያ ጠየቅሁት። «ለምን ሽጪ ለውጪ ብለህ ፈረምክ?»

«መንገድ ላይ ሌላ ወረቀት ቢጠይቁሽ ደግመሽ እንዳትለምኚኝ።»

«ሌላ ምክንያት የለውም?»

«አላውቅም። እሱን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

መኪናዋ እስክትደርስ ቤት መጥቼ መቆየት እንደምችል ነገረኝ። እሺ አልኩ። ሰኞ በሚነሳው አውሮፕላን ቦታ ይዣለሁ። ሊቀበለኝ ቦሌ እንደሚመጣ ሲነግረኝ «በታክሲ?» አልኩት፣ ሳላስበው።

«በእግሬም ቢሆን» አለ።

ከዚያ ወዲያ ስላለው፣ ስለ ሙምባይ፣ ማን እንደሚሄድ አላነሳንም። እሱ እመጣለሁ አላለም፣ እቀራለሁም አላለም። እኔም አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁት ግን እንደ ወትሮው ተናድጄ አይደለም፤ ራሱ እስኪነግረኝ ልጠብቀው ብዬ ነው።