ፋርቱን ያስለሰነችው ግድግዳ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለየሺአረግ፣ ደብረ ብርሃን።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ዳገት ስትወጪ ይይዝሻል? የአባዬ ሳል ለቀቀው? ሰይፈ ሚካኤልስ ደህና ነው? ልጆቹስ? እኔ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሙቀቱ ብቻ ነው። ግንቦት ሲገባ እዚህ ሳቢያን ሰው የሚያወራው ስለ ጥላና ስለ ውሃ ብቻ ነው። ናፍቆታችሁ ግን ከሙቀቱም ብሶብኛል።

በስልክ ያልነገርኩሽ አባዬ ሁልጊዜ አጠገብሽ ሆኖ ስለሚያዳምጥ ነው። ጎረቤቴ ዓለምሰገድ ሹፌር ነው፤ በእናንተ በኩል ስለሚያልፍ ይህን በእጁ ላክሁልሽ። ብቻሽን አንብቢው። ሥራዬ ሊዘጋ ነው፣ እታለም።

ባለፈው ይህን ያህል ዓመት ጭቃ ስታቦኪ ምን ታየ ብለሽ ስትስቂብኝ እኔም አብሬሽ ስቄ ነበር። እውነትም ሥራዬ ጭቃ ነው። በቤተ ሙከራችን አፈሩን ከትንሽ ኖራ ጋር ለውሰን፣ በማሽን ጠቅጥቀን ጡብ እናወጣለን። እሳት አይነካውም፤ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ሲሚንቶ ሲመረት ስንት ድንጋይ ይቃጠላል፣ ስንት ጭስ ሰማይ ይወጣል፤ የእኛ ጡብ ያንን ያስቀራል። ቤቱም በጠራራ ፀሐይ ቀዝቀዝ ይላል። ሐርላ፣ ያ የጥንት ግንብ ፍርስራሽ ያለበት ገጠር ውስጥ፣ ለጥቂት ቤተሰቦች ሠርተንላቸዋል። የመጀመሪያዋ ፋርቱን ናት። ባሏ የሞተባት፣ ፍየል አርቢ ሴት ናት፤ አያን የምትባል ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻት።

ገንዘቡን የሚሰጡን ሰዎች ታዲያ በዚህ ወር ገምጋሚ ላኩብን። ጥናታችሁ ምን ለውጥ አመጣ፣ ለክታችሁ አሳዩን ነው ነገሩ። አንደኛው መለኪያ ጽሑፋችንን ስንት ሰው ጠቅሶ ጻፈ የሚል ነው። ከጠቀሱን አንዱ አብሮኝ የሚሠራው ኸባብ ራሱ ነው፣ እባክሽ አትሳቂ። ሌላው ደግሞ ባለቤቱ በጡቡ ግድግዳ ፊት ቆሞ የተነሣው ፎቶ ነው፤ ፎቶ የሌለው ቤት አይቆጠርም። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ እኔም ጥንካሬውን ልለካ ስንቱን ጡብ በማሽን እየሰበርኩ ይሄ አይረባም ስል ኖሬያለሁ።

ፎቶ ልናነሣ ሐርላ ስንደርስ የአፈር ግድግዳ የሚባል ጠፋ። አያንን ለማጨት ከወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። ፋርቱን ልጇን ከጭቃ ቤት ዳረቻት እንዳትባል ፍየሎቿን ሸጣ ግድግዳውን ዙሪያውን በሲሚንቶ አስለስናለች፣ ሰማያዊ ቀለምም አስቀብታለች። እሷን ያዩ ጎረቤቶቿም ተከትለው አስለሰኑ። በጡቡ ያስቀረነውን ጭስ በልስኑ መለስነው ማለት ነው። እኛ ስለ ጥንካሬው ስንጨነቅ የጭቃ ቤት ስለሚለው ስሙ ያሰበ አልነበረም።

ኃላፊያችን ዶክተር በቀለ የፋርቱንን የፊት ግድግዳ ልስን ልጣችሁ ፎቶ አንሡ፣ በኋላ እናስጠግንላታለን አለን። በማግስቱ ጠዋት መሮና መዶሻ ይዘን ሄድን። ገምጋሚው ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ሽማግሌዎቹም የሚመጡት ያንኑ ቀን ነው። ኸባብ በኦሮምኛ አስረዳት። ፋርቱን አልተቆጣችም። ቤቱን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ እጃችሁን አልይዝም፤ ግን ዛሬ እሱን ከምትልጡት እኔን ብትልጡኝ ይሻለኛል አለችና ወደ ውስጥ ገባች። በበሩ አያን እጇን ዘርግታ ሂና ስትቀባ ይታየኛል። መሮውን ግድግዳው ላይ ደግኜ ቆምኩ። ኸባብ፣ አቦ ወይ ምቺ ወይ እንሂድ አለኝ። አልመታሁም፣ እታለም። መሮውን አውርጄ ለኸባብ ሰጠሁት።

ገምጋሚው ክፉ ሰው አይደለም። ልስኑን በጣቱ አንኳኩቶ ከሥሩ ያለውን አምናችኋለሁ አለን፤ የጻፈው ግን ዜሮ ነው፤ ገንዘቡም በዚያው ሊቋረጥብን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዶክተር በቀለም የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ብቻ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኸባብ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ እየጠየቀ ነው፤ አንቺም ነይ ይለኛል። እኔ ግን ደክሞኛል። ወገቤም ልቤም ደክሟል። ሰኔ ሲገባ ወደ እናንተ እመጣለሁ፤ ለአባዬ እረፍት ወስዳ ነው በይልኝ።

ትናንት ደግሞ ኸባብ ከሐርላ ደወለልኝ። አያን ታጭታለች። ሽማግሌዎቹ በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ ተቀምጠው አንነሣም አሉ አሉ። የልጁ አባት ግድግዳውን እየዳበሰ ይህ ቅዝቃዜ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። ፋርቱን፣ ሲሚንቶ ነው አለች። ምን ትበል? ሰውየውም ደስ ብሎት፣ ለሙሽሮቹ ከመሠረቱ እስከ ጣራው በሲሚንቶ ብሎኬት ቤት ሊሠራላቸው እዚያው ቃል ገባ። ኸባብ እንንገረው እንዴ ሲለኝ፣ ተወው አልኩት። ብንነግረው ፋርቱንን በአማቾቿ ፊት ማዋረድ ነው። አያን ከዚያ ቀዝቃዛ ቤት ወጥታ እንደ ምድጃ ወደሚግል ቤት ልትገባ ነው። ለሠርጉ ተጠርቻለሁ፤ እኔም እልል ብዬ እሸኛታለሁ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለሰይፈ ሚካኤል የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሃኒን ግንባሯን፣ ትንሹን ናሁሰናይን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። የጠየቀኝን ጎረቤት ሁሉ ደህና ናት በይልኝ። አንቺን በሰላም ያገናኘን።

እህትሽ ፍቅርአዲስ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.